መጥበሻ ያለው ሰው «ትራይፖድ የለኝም» አይበል

እስቲ ዛሬ ስለ ወፍ እንጣላ!

ስለ ታሪክ፣ ስለ ካርታ፣ ስለ ባንዲራ ስንጣላ ኖረናል፤ ስለ ወፍ መጣላት ቢያንስ አዲስ ነገር ነው። ደግሞ ጠቤ ከወፎቹ ጋር አይደለም። ጠቤ እዚሁ ደብረ ማርቆስና ዙሪያዋ ካሜራ ካለው፣ ካሜራ ባይኖረው እንኳ ደህና ስልክ ከያዘው፣ ነገር ግን ወፍ ባየ ቁጥር ቀጥ ብሎ ቆሞ ከላይ ወደ ታች ከሚያነሣው፣ ፎቶው ሲበላሽበት ደግሞ «ምን እናድርግ፣ ዕቃ የለንም እኮ!» ከሚለው ወገኔ ጋር ነው።

ወዳጄ፣ ዕቃ አለህ። እናትህ ማድ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የጎደለህ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ቆይቼ እነግርሃለሁ። (ካሜራ የያዝሽው እህቴም፣ ነገሩ አንቺንም ይመለከታል።)

ጋጋኖ ምን በደለችን?

ጋጋኖን እንውሰድ። የማርቆስ ሰው ሆኖ ጋጋኖን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ማለዳ በጣሪያችን ላይ እየጮኸች ታልፋለች፤ ረፋዱ ላይ ከመሰሎቿ ጋር መስክ ትወርድና ረጅሙን ጎባጣ ምንቃሯን መሬት ውስጥ እየሰካች ትልና ነፍሳት ትለቅማለች። ከእኛና ከኤርትራ ደጋ ውጪ በዓለም ላይ የትም የለችም። እንግዲህ ይህችን ወፍ ነው እኛ መሬት ላይ እንደወደቀ ቁልፍ ከላይ የምናነሣት! ፎቶው ላይ ምን ይታያል? ጠቆር ያለ ጀርባ፣ ዙሪያውን የተጋጠ ሣር፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ባዶ ሃይላንድ። ዓይኗ የለም። ከጉሮሮዋ ሥር የምትንጠለጠለው ቀጭን ሥጋ የለችም። የምንቃሯ ጉብጠት የለም። ይህን ለፌስቡክ ለጥፎ «የአገሬ ውበት» ብሎ መጻፍ ውበቱንም አገሩንም ማማት ነው።

ዝቅ ብሎ ማንሣት የፈረንጅ ቅብጠት የሚመስላቸው አሉ። ቅብጠት አይደለም፤ ሒሳብ ነው። አንድ ሰው ቆሞ ካሜራውን ዓይኑ ላይ ሲያደርግ ሌንሱ ከመሬት 1.60 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ወፏ 8 ሜትር ላይ አለች፤ ዓይኗም ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው እንበል። ከሌንሱ ተነሥቶ በወፏ ዓይን በኩል የሚያልፈው መስመር ወደ ታች ያዘቀዘቀ ስለሆነ ከወፏ ኋላ 2 ሜትር እንኳ ሳይሞላ መሬት ይነካል። ስለዚህ ከጀርባዋ የሚታየው እዚያው አጠገቧ ያለ ሣርና እበት ነው። ቅርብ በመሆኑም እንደ እሷው ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ወፏ ከመሬቱ ተለይታ አትታይም። አሁን ካሜራውን ወደ 30 ሴንቲ ሜትር አውርደው። መስመሩ ጠፍጣፋ ሆነ። ከጀርባዋ ያለው የመስኩ ጫፍ፣ የባሕር ዛፉ መደዳ፣ ቀኑ ጥሩ ከሆነም የጮቄ ተራራ ነው። ያ ሁሉ ሩቅ ስለሆነ ይደበዝዛል፤ ወፏ ብቻዋን ደምቃ ትቀራለች። ካሜራው ያው ነው፤ ሌንሱም ያው ነው። የተለወጠው የጉልበትህ አቀማመጥ ብቻ ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። ለወፍ ቆሞ የሚመጣ ሰው ማለት ድንጋይ ወርዋሪ ማለት ነው። (ልጅነታችንን እናስታውስ፤ ወፎቹ አልተሳሳቱም።) ተቀምጦ የዋለ እረኛን ግን አይፈሩትም። በክረምት ገሳውን ደርቦ መስክ ላይ የተቀመጠ እረኛ አጠገብ ወፎች ያለ ሥጋት ሲለቅሙ ያላየ የጎጃም ልጅ የለም። ያ እረኛ ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ የሚያውቀውን እኛ ዲግሪ ይዘን ዘነጋነው።

የምታለቅስለት ዕቃ ራሱ አይረዳህም

«እሺ፣ ልተኛ ብል እንኳ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ትራይፖድ ያስፈልገኛል» ትላለህ። እጅህ መንቀጥቀጡ እውነት ነው። ሌንስ በረዘመ ቁጥር ትንሿ ንቅናቄ ትልቅ ሆና ትታያለች። ማረጋጊያ ለሌለው ሌንስ የቆየው የእጅ ልክ በ400 ሚሊ ሜትር ቢያንስ በሰከንድ 1/400ኛ ፍጥነት ማንሣት ነው፤ ማለዳ ጭጋግ ባለበት ሰዓት ያን ፍጥነት የሚያበቃ ብርሃን አይገኝም። ስለዚህ ካሜራው የሚያርፍበት ነገር ያስፈልገዋል። እስከዚህ ተስማምተናል።

የምንለያየው እዚህ ላይ ነው። የምታለቅስለት ያ ርካሽ ትራይፖድ መሬት አይወርድም! መካከሉ ላይ ያለው ምሰሶ ወደ ታች የሚወጣ ስለሆነ እግሮቹን ዘርግተህ ለማስተኛት ስትሞክር መሬት ይነካና ያቆምሃል። መሬት ድረስ የሚወርዱት ዋጋቸው ሌላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ፣ ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ወጥቶ ቀርቷል። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ እስኪገዛልህ ብትጠብቅ ጋጋኖዋ አርጅታ ትሞታለች።

በሌላው ዓለም ገንዘብ ያላቸው ፎቶ አንሺዎች ለዚህ ሥራ ምን እንደሚጠቀሙ ታውቃለህ? ጠፍጣፋ ሳህን የመሰለ፣ ጠርዙ ወደ ላይ የታጠፈ፣ መካከሉ ላይ ካሜራ የሚታሰርበት፣ በሣርና በጭቃ ላይ የሚንሸራተት ነገር። ፋብሪካ እየሠራ ይሸጠዋል፤ ብዙዎቹ ግን ከማድ ቤታቸው መጥበሻ ወስደው በስተው ነው የሚሠሩት። ቅርጹ አንድ ነው፤ ሥራውም አንድ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ከማድ ቤት እስከ ቶርኖ ቤት

አሠራሩን ሳልነግርህ ብወቅስህ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። እንግዲህ ያዝ።

አንደኛ፣ ከረጢት። የማትለብሰውን የጂንስ ሱሪ አንድ እግር ከጉልበቱ በታች ቁረጠው፤ አንዱን ጫፍ በመኪና አሰፋው፤ በሌላው ሽምብራ ወይም ባቄላ አስገባና ዝጋው። እስከ አፉ አትሙላው፤ ሁለት ሦስተኛ ይበቃል። ከሞላ እንደ ድንጋይ ይደርቅና ሌንሱን ያንከባልለዋል፤ ሲጎድል ግን ሌንሱ ይሰምጥበታል፤ ጥራጥሬው ዙሪያውን ያቅፈዋል፤ ንዝረቱንም ይውጠዋል። ገለባ አትጠቀም፤ ይቀልላል። ጤፍ ብትል ስፌቱ ካልጠበቀ ያፈስብሃል፤ በዚህ ዋጋው ደግሞ ጤፍ ላይ ካሜራ ማስተኛት ኃጢአት ነው። ጥራጥሬውን በመጀመሪያ በፌስታል ቋጥረው፤ አለበለዚያ የጮቄ ጤዛ ይገባውና በሦስተኛው ቀን ከረጢትህ ይበቅላል።

ሁለተኛ፣ መጥበሻ። የላይ ልባጡ የተላጠ፣ እንቁላል የሚይዝ፣ ሊጣል የደረሰ መጥበሻ ፈልግ። በጣም ቀላሉ መንገድ ምንም ሳትበሳ ከረጢቱን መጥበሻው ውስጥ አስቀምጦ ሌንሱን በላዩ ማሳረፍ ነው። አለቀ! እጀታውን ይዘህ ወደ ፊት ትገፋዋለህ፤ ጠርዙ ክብ ስለሆነ ሣሩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይሰካም። ክርንህን ሳታነሣ፣ ወፏን ሳታስበረግግ፣ ስንዝር በስንዝር ትጠጋለህ። ስልክ ብቻ ላለው ደግሞ ሰፌድም ይበቃል። ስልኩን ገልብጠህ ያዘው፤ ሌንሱ ያለበት ጫፍ ወደ ታች ሲሆን ከመሬቱ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ከፍ ይላል። በብዙ ስልኮች የጆሮ ማዳመጫው የድምፅ መጨመሪያ ፎቶ ያነሣል፤ ያንን ሞክረው።

ሦስተኛ፣ ብሎን ያለው መጥበሻ። እዚህ ላይ ጆሮህን ስጠኝ፤ ካሜራ የሚበላሸው እዚህ ነውና። ካሜራህ ሆድ ሥር ያለው ቀዳዳ የሩብ ኢንች ነው፤ ውፍረቱ 6.35 ሚሊ ሜትር ሲሆን በአንድ ኢንች ውስጥ 20 ጥርስ አለው። ዕቃ መሸጫ ሄደህ «የካሜራ ብሎን» ስትል ዓይኑን ጨፍኖ 6 ሚሊ ይሰጥሃል። ይመሳሰላሉ፤ ጥቂትም ይገባልሃል። ግን አይደለም! የ6 ሚሊው ጥርስ 1 ሚሊ ሜትር ሲራራቅ የሩብ ኢንቹ 1.27 ነው። አስገድደህ ካጠበቅኸው የካሜራውን ጥርስ ትበላዋለህ። ስለዚህ ከድሮ ማሽን የወጣ የሩብ ኢንች ብሎን ፈልግ፤ ካጣህ ቶርኖ ቤት አስቆርጥ። ካሜራው ውስጥ የሚገባው ጫፍ ከ5 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ ከረዘመ በሮንዴላ አሳጥረው። መጥበሻውን መካከሉ ላይ ብየዳ ቤት አስበሳው፤ ከታች በኩል የብሎኑ ራስ ሣር እንዳይይዝ በላሜራ ሸፍነው። በመጥበሻውና በካሜራው መካከል ከጎሚስታ የተጣለ የውስጥ ጎማ ቁራጭ አድርግ፤ እንዳይንሸራተትም እንዳይጫጫርም ይረዳል።

አራተኛ፣ ባላ። ጎጆ ያየ ሁሉ ባላን ያውቃል። ክንድ ተኩል የምታህል ባላ ቆርጠህ መሬት ትተክልና በላይዋ ከረጢቱን ታንጠለጥላለህ። ተቀምጠህ ለምታነሣበት ጊዜ ናት፤ ሣሩ ረዝሞ መተኛት በማይቻልበት በመስከረም ለምሳሌ።

አንገቴን አመመኝ የምትል ከሆነ፣ ካሜራህም የሚታጠፍ ስክሪን ከሌለው፣ የኪስ መስታወት ከስክሪኑ ኋላ አጋድመህ አቁም፤ ከላይ ሆነህ ታየዋለህ። ምስሉ ይገለበጣል፤ በግማሽ ቀን ትለምደዋለህ። ደግሞም በማለዳ ጀምር። ፀሐይ ከጠነከረች በኋላ መሬት ላይ የሚርገበገበው ሙቀት ዝቅ ያለውን ሌንስ ከሁሉ በፊት ያታልለዋል፤ ያኔ ምንም ዓይነት ማሳረፊያ አያድንህም።

ይኸው ነው። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ የጂንስ እግር፣ ጥቂት ኪሎ ሽምብራ፣ አንድ የተጣለ መጥበሻና የብየዳ ቤት ሂሳብ ነው። አሁንም «ዕቃ የለንም» ትላለህ?

«ሰው ፊት መሬት ልተኛ?»

አንድ ሠርግ አንሺ ወዳጄ (ካሜራው ከእኔ ካሜራ በሦስት እጥፍ ይበልጣል) ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ ያለኝ ነገር የዚህ ጽሑፍ መነሻ ነው። «መጥበሻ ይዤ፣ ሰው ፊት፣ መሬት ልተኛ? ምን ነካው አይሉም?» አለኝ። ስለ ብሎኑ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። ስለ ሽምብራውም። ጥያቄው ስለ ሰው ነበር።

እውነተኛው ችግራችን ይኸው ነው። የዕቃ እጥረት የክብር ጥያቄ የምንደብቅበት መጋረጃ ሆኗል። ከውጭ የመጣ ጥቁር ትራይፖድ ተሸክሞ መሄድ ያስከብራል፤ መጥበሻ ይዞ መሄድ ያሳፍራል። የተገዛ ያኮራል፤ የተሠራ ያሳፍራል። ይህ በሽታ ደግሞ ትናንት የመጣ አይደለም። ማረሻውን የሚቀጠቅጥለትን ሰው «ቀጥቃጭ»፣ ምጣዱን የምትሠራለትን ሴት «ቡዳ»፣ ጋቢውን የሚሸምንለትን «ቁጢት በጣሽ» ብሎ ሲሳደብ የኖረ ማኅበረሰብ ልጆች ነን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድበውን የሚገሥጽ አዋጅ ማውጣት አስፈልጓቸው ነበር። ንጉሥ በአዋጅ ያልነቀለውን ስድብ እኛ በ«ብራንድ» ስም እያጠጣን አሳደግነው። ያኔ የሚናቀው ሠሪው ነበር፤ ዛሬ «ይቺ የእጅ ሥራ ናት አይደል?» ተብላ የምትናቀው ዕቃዋ ናት።

ጎጃም ደግሞ ለዚህ ነገር ሰበብ የላትም። የአገሩ ልጅ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ጉዱ ካሣን እናውቀዋለን። ባለ አእምሮ ሆኖ ሳለ «ዕብድ» የተባለው የዘመኑን የክብር ሥርዓት ስላልተቀበለ ነው። መጽሐፉን ሁላችንም እንወደዋለን፤ ጉዱ ካሣን ሁላችንም እናደንቃለን፤ መስክ ላይ መጥበሻ ይዞ የተንጋለለ ጎረምሳ ስናይ ግን ሁላችንም የዚያ መንደር ሰዎች እንሆናለን። ከዲማም ሆነ ከሌላው የቅኔ ቤት የወጣው ሊቅ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ ነው የተማረው። በስቅለት ቀን ደግሞ ይህ ከተማ ስንት ጊዜ እንደሚሰግድ ሁላችንም እናውቃለን። እርግጥ ስግደት ለፈጣሪ ነው፤ ለጋጋኖ ስገድ አላልኩም። ያልኩት ጉልበቱ እንደሚታጠፍ አይተናል ነው።

የእንግሊዞቹ በሬ

«ፈረንጅ እንዲህ አያደርግም» ለሚለኝ ሰው አንድ ታሪክ ልንገረው። ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። የእንግሊዝ አገር የዮርክሺር ገበሬ ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1895 ስለ እንግሊዝ ወፎች ጎጆ ያሳተሙት መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ ከተፈጥሮ በተነሡ ፎቶግራፎች ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ወፎች ሰው ሲያዩ እየሸሹ ሲያስቸግሯቸው ምን አደረጉ መሰላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ ውስጡ ባዶ የሆነ በሬ አሠሩ! የእውነት ቆዳ ያለው በሬ። አንዱ ካሜራውን ይዞ በሬው ሆድ ውስጥ ይገባል፤ ወፎቹም ከብት መስሏቸው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። በጎም ሠርተዋል።

እስቲ አስቡት። የገበሬ ልጅ በሬ ውስጥ ገብቶ ወፍ ሲያነሣ መንደሩ ምን ይላል? ብሏል ይሆናል። እነሱ ግን ስማቸው ከመቶ ዓመት በኋላም በፎቶግራፍ ታሪክ ይጠራል። በሬ የእኛ፣ መስክ የእኛ፣ ወፍ የእኛ፤ ሐሳቡ ብቻ የእነሱ። እኔ በሬ ውስጥ ግባ አላልኩህም፤ መጥበሻ ያዝ ነው ያልኩህ!

ለተቃዋሚዎቼ

ሦስት ቁም ነገር ያላቸው ተቃውሞዎች አሉ፤ በቀልድ አላልፋቸውም።

የመጀመሪያው «ይህ ድህነትን ማስዋብ ነው» የሚለው ነው። ድሃ ስለሆንን በመጥበሻ እንርካ ብል ኖሮ ትክክል ነበራችሁ። እኔ ግን መጥበሻው ለዚህ ሥራ ከርካሹ ትራይፖድ ይሻላል ነው የምለው፤ ምክንያቱንም ከላይ አስቀምጫለሁ። ነገ ሎተሪ ቢደርሰኝ ጥሩ ሌንስ እገዛለሁ፤ ማሳረፊያው ግን ያው መጥበሻዬ ነው። ሌንስን ማድ ቤት ውስጥ መሥራት አይቻልም። ማሳረፊያን ይቻላል። ገንዘብህን ልትሠራው ለማትችለው ነገር አስቀምጥ፤ ይህ ድህነትን ማስዋብ ሳይሆን ድህነትን ማሸነፍ ነው።

ሁለተኛው «ወፎቹን ትረብሻላችሁ» የሚለው ነው። ይህን እቀበላለሁ፤ ስለዚህም ሕግ ይኑረን። ጎጆ ላይ ያለች ወፍ አትነሣም። መልቀም አቁማ አንገቷን ቀጥ ካደረገች አንተም ቁም፤ እንደገና እስክትለቅም አትንቀሳቀስ። ወፍ ለማስነሣት ድንጋይ የሚወረውር ሰው፣ ካሜራው የፈለገውን ያህል ይዋደድ፣ ፎቶ አንሺ አይደለም። በመጥበሻ ቀስ ብሎ የሚንሸራተት ሰው ደግሞ ቆሞ ከሚያሳድድ ሰው ያነሰ ይረብሻል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። «ሰው በሚሞትበት አገር ስለ ወፍ ታወራለህ?» በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የተነሣው ግጭት ስንቱን ቤት እንዳጨለመ፣ ስንቱን መንገድ እንደዘጋ የምናውቅ እናውቃለን። ይህን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው «ሌንስህን ይዘህ ጮቄ ውጣ» የሚለው። እኔ አልልም። ከሣር ውስጥ ተኝቶ ረጅም ጥቁር ነገር ያነጣጠረ ሰው ከሩቅ ምን እንደሚመስል መገመት አያቅትም። ስለዚህ ትከሻ ላይ የሚደገፈውን፣ ሰደፍ የሚመስለውን ማሳረፊያ ከነጭራሹ አትሥራው። የወታደር ልብስ የሚመስል ነገር አትልበስ። አትደበቅ። ከከተማ አትውጣ፤ ግቢህ ውስጥ፣ ባለቤቱን አስፈቅደህ በጎረቤት መስክ፣ ጥበቃዎቹን አስፈቅደህ በትምህርት ቤት ግቢ፣ አባቶችን አስፈቅደህ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር አንሣ። ከቅጽሩ ዛፍ በላይ ወፍ የሚሰበሰብበት የት አለ? ደማቅ ነገር ልበስ፤ መጥበሻህም ይታይ። መጥበሻን መሣሪያ ነው ብሎ የሚሳሳት የለም፤ ይህም አንድ ጥቅሙ ነው።

ሰው እየሞተ ስለ ወፍ ለምን ለሚለው ግን መልሴ ይህ ነው፦ ሰላም ሲመጣ ምን ይዘን እንቆይ?

ማን ያየልን?

የእኛን ደጋ ወፎች ስማቸውን ለሳይንስ ያወጣላቸው ማነው? አብዛኞቹን ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ የፍራንክፈርት ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ አገራችንን ዞረ፤ ከ1836 እስከ 1845 ድረስ ምንቃረ ወፍራሙን ቁራ፣ ጋጋኖን፣ አንገቷ ላይ ነጭ ያላትን ርግብ፣ ሰማያዊ ክንፍ ያለውን ዝይ ለዓለም አስተዋወቀ። ከዚያ ወዲህስ? ዛሬ አንድ ተማሪ ስለ አገሩ ወፎች ማወቅ ቢፈልግ የሚሰጡት ትልልቆቹ መጻሕፍት፣ የሬድማንና የባልደረቦቹ የአፍሪካ ቀንድ ወፎች መመሪያም የአሽና የአትኪንስ ሥርጭት ካርታም፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝኛ የወጡ የውጭ ሰዎች ሥራዎች ናቸው። እግዜር ይስጣቸው! ቂም የለኝም። ቂሜ ከእኛ ጋር ነው። ከ860 በላይ የወፍ ዝርያ ያላት አገር ልጆች ሆነን፣ ወፏ በየማለዳው በጣሪያችን ላይ እየጮኸች፣ ዓይኗ ምን እንደሚመስል ለማየት የሌላ አገር ሰው ተኝቶ ያነሣልን ፎቶ እንፈልጋለን።

ያን ሰማያዊ ክንፍ ዝይ አስቡት። ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም፤ በወገኑም ውስጥ ብቸኛ ዝርያ ነው። የደጋ ረግረግ ዳር ሲራመድ አንገቱን ወደ ኋላ ሰብሮ ጀርባው ላይ የማሳረፍ ልማድ አለው። ይህ ከላይ ሲነሣ አይታይም፤ ጎኑን ትይዩ ሆኖ ላየው ሰው ብቻ ነው የሚታየው። ረግረጉ ግን እየጠበበ ነው። ጮቄ ላይ እርሻው ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ ባሕር ዛፉ ወደ ውኃው እየተጠጋ ነው፤ ግጦሹም ዕረፍት የለውም። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ለወፎች እጅግ አስፈላጊ ናቸው ብሎ ከመዘገባቸው 69 ቦታዎች አንዱ ጮቄ ነው። ጨሞጋና ሙጋ ከዚያ ተነሥተው ነው ወደ አባይ የሚወርዱት። መዝገቡ አለ። መዝገብ ግን ማንንም አያስለቅስም። ረግረግ ሊያደርቅ የወሰነ ሰው ፊት «የወፍ ዝርያ ይጎዳል» የሚል ወረቀት ብታስቀምጥ ፈርሞ ያልፈዋል። በዓይኑ ትይዩ ሆኖ የሚያየውን ወፍ ብታስቀምጥለት ግን ቢያንስ ብዕሩ ለአፍታ ይቆማል። ከላይ የተነሣች ወፍ ነጥብ ናት፤ ዓይን ለዓይን የተነሣች ወፍ ነዋሪ ናት። ነጥብን መሰረዝ ይቀላል።

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ «የጎደለህ ሌላ ነገር ነው» ያልኩህ ይህን ነው። የጎደለህ ዝቅ ለማለት ፈቃደኛ መሆን ነው። እሱን ደግሞ ከዱባይ የሚያመጣልህ ነጋዴ የለም።

ስለዚህ ክርክሩን ትተን ወደ ሥራ። የፊታችን ቅዳሜ ማለዳ፣ ጤዛው ሳይደርቅ፣ መጥበሻህንና ከረጢትህን ይዘህ እቤትህ ግቢ ውጣ። ጋጋኖ ባትመጣ ድንቢጥ አታጣም፤ ድንቢጥም ዓይን አላት። በሆድህ ተኛ። ጎረቤት ከአጥሩ በላይ ብቅ ብሎ «ምን ሆነህ ነው ልጄ?» ካለህ ደግሞ፣ ና እይ በለውና ቦታህን ልቀቅለት። አንድ ጊዜ በዚያ በኩል ያየ ሰው ሁለተኛ አይስቅም፤ ይልቁንም ያረጀ መጥበሻ ቤቱ መኖር አለመኖሩን ማሰብ ይጀምራል።

እናትህን ግን አስቀድመህ አስፈቅድ። ስለ መጥበሻው ማለቴ ነው።

ቸር ይግጠመን!